የግራው ክንፍ ሽብሽቦች

መምህሯ ካርቶኑን በአባቷ ወንበር ላይ ያስቀመጠችው ሰኞ ጠዋት ነበር። ስታስቀምጥ ምንም አልተናገረችም። ስጦታ ሲሰጥ ምን እንደሚባል ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፤ አፏ ጥርቅም የሚለው ልክ እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። «ሲያየው ይገባዋል» ብላ ቦርሳዋን አንግታ ወደ ትምህርት ቤቷ ሄደች። ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ወንበሩ ላይ አባቷ ተቀምጠዋል፤ ካርቶኑ ግን የለም። ስለ ካርቶኑ የተነፈሰ ሰውም የለም። ማክሰኞም ዝም። በሳምንቱም ዝም።

አልወደደውም ማለት ነው፣ አለች በሆዷ። በዚህ ዕድሜው መጫወቻ ገዛሁለትና እንደ ንቀት ቆጠረው። አንድ ሁለቴ ልትጠይቃቸው ጉሮሮዋን ጠረገች፤ አባቷ ቀና ብለው ሲያዩዋት ውሃ ፈለገች።

በአሥራ አንደኛው ቀን እናቷ መጥረጊያ ይዘው ከመኝታ ቤት ብቅ አሉ። «አንቺ ልጅ፣ ይሄን የትምህርት ቤት ጓዝሽን ከአልጋችን ሥር የምታነሺው መቼ ነው? አባትሽ እዚያ ከወሸቀው ጀምሮ መጥረጊያ አላሳልፍ ብሎኛል።»

«የኔ አይደለም» አለች መምህሯ። «የአባዬ ነው።»

«የኔ?» አሉ አባቷ ከመስኮቱ ሥር። «እኔ እኮ የተማሪዎችሽ ሥራ መስሎኝ እንዳይረገጥ ብዬ ነው ያነሳሁት። ይሄን ያህል ቀን ሳትጠይቂኝ ስትቀሪ፣ ይቺ ልጅ ዕቃዋን መርሳት ጀመረች ብዬ ሳዝንልሽ ከረምኩ።»

«እኔ ደግሞ አልፈለግኸውም ብዬ…»

«ኧረ የሁለታችሁስ!» አሉ እናቷ። «አንዷ ሳትናገር ሰጠች፣ አንዱ ሳይጠይቅ ደበቀ። አቧራው ብቻ የኔ!»

ካርቶኑ ላይ ቀይ አውሮፕላን ተስሏል፤ መሬት ላይ ቆመው በእጅ መቆጣጠሪያ የሚያበሩት፣ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ። ውስጡ ግን አውሮፕላን የሚባል ነገር አልነበረም። የተጠቀለለ ትልቅ ንድፍ፣ እንደ ገለባ የቀለለ ስስ እንጨት፣ አንድ ጥቅል ቀይ ላስቲክ፣ ሞተርና ሽቦ በየከረጢታቸው፤ በቃ። አባቷ አንዱን እንጨት በሁለት ጣት አንስተው መዘኑት።

«ይሄ ነው የሚበረው?»

«ከተሠራ በኋላ።»

«ማን ይሠራዋል?»

አባቷ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥለው ቀኝ እጃቸውን አዩ። እጁ ጭናቸው ላይ ቁጭ ብሎ የራሱን ሥራ ይሠራ ነበር። አውራ ጣቱ ሌሎቹን ጣቶች ይደባብሳል፣ ይደባብሳል፤ የጠፋ ቁልፍ በኪሱ እንደሚፈልግ ሰው።

አባቷ አርባ ዓመት ልብስ ሰፍተዋል። ከሦስት ወር በፊት የአንድ ሙሽራ ኮት ሲተኩሱ ካውያው መነሳት ባለበት ሰዓት ሳይነሳ ቀረ። ኮቱ ደረቱ ላይ የካውያ ቅርጽ ይዞ ወጣ። ሙሽራው ሌላ ኮት ለበሰ፤ አባቷ ግን ያንን ቀን እስከ ዛሬ አላወለቁትም። የሱቅ ባልደረባቸው «ጋሼ፣ ትንሽ ቢያርፉ» ብሎ ሸኛቸው። ይህ ሰው ድሮ ተለማማጃቸው ነበር፤ በቅጥነቱ «መርፌ» ብለው ስም ያወጡለት እሳቸው ናቸው፤ አሁን መርፌም ራሱ ሸብቷል።

ዕረፍት የተባለው ነገር ለአባቷ አልሆነላቸውም። ከመስኮት እስከ በር ስምንት እርምጃ ነው። ስምንት ይሄዳሉ፣ ይዞራሉ፣ ስምንት ይመለሳሉ። ቴሌቪዥን ሲከፈትላቸው ዜናውን ትተው የዜና አንባቢውን ኮሌታ ይተቻሉ። «ተመልከቱት፣ አንገቱን አንቆታል። ይሄ ሰው እንዴት ነው የሚተነፍሰው?» መምህሯ እዚያው ክፍል ጥግ ላይ የተማሪዎቿን ፈተና ታርማለች፤ የሳቸው እግር ሲሄድ የሷ እስክሪብቶ ይቆማል። አንድ ቀን ለአንድ ተማሪ ነጥቡን ሁለት ጊዜ እንደደመረችለት ያወቀችው ልጁ ራሱ መጥቶ ሲነግራት ነው። አውሮፕላኑን የገዛችው ያን ቀን ነው። እጅ የሚይዝ፣ እግር የሚያስቀምጥ ነገር ፈልጋ።

ንድፉን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጉት የአባቷ ፊት በራ።

«ይሄማ ቅድ ነው!» አሉ። «ዕድሜዬን ሙሉ በጠመኔ ስስለው የኖርኩትን ነገር ነው እንዴ የገዛሽልኝ?»

ከንድፉ ጋር የመጣ የሥራ መመሪያ ነበር፤ መምህሯ እያነበበች ልታስረዳቸው ብትሞክር ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

«አባዬ፣ መጀመሪያ ቁጥር ሦስትን አጣብቁ ነው የሚለው።»

«ወረቀቱ ኮት ሰፍቶ ያውቃል?»

ስፒሎቻቸውን በከንፈራቸው ይዘው የክንፉ ጎድን የሚሆኑትን ስስ እንጨቶች አንድ በአንድ ንድፉ ላይ ወጉ። ሙጫው እሷ ዘንድ ነው። የግራው ክንፍ ሲያልቅ ሁለተኛውን እሷ ጀመረች፤ ሦስተኛው ጎድን ላይ ስትደርስ አባቷ ስፒሉን ከአፋቸው አወጡ።

«ቆይ፣ ቆይ፣ ቲቸር! ይሄንንም ግራ ልታደርጊው ነው?»

«ንድፉ ላይ ያለው እኮ ይሄ ነው።»

«ንድፉ ላይ ያለው አንድ እጅጌ ነው። ገልብጠሽ ሥሪው እንጂ! ሁለት ግራ እጅጌ ያለው ኮት ማን ይለብሳል?»

«አንተ፤ ለሠርጋችን!» አሉ እናቷ ከኩሽና።

ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈ። እንጨት ደግ ነው። ሙጫ ቢንጠባጠብበት በብርጭቆ ወረቀት ይጠፋል፤ ጎድኑ ቢጣመም ተነቅሎ ይተከላል። የአባቷ እጅ ሲስት አንድም ሰው አያይም። ስምንቱ እርምጃም ቀስ በቀስ ተረሳ። እናቷ ብቻ ጠረጴዛው ተይዞባቸው ምግቡን በየሰው ጉልበት ላይ ማቅረብ ስለሰለቻቸው «ይሄ ወፍ የሚለቅልኝ መቼ ነው?» እያሉ ያጉረመርሙ ነበር።

አጽሙ ባለቀበት ሰኞ መርፌ ቤት ድረስ መጣ። ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ክንፉን አድንቆ ሲያበቃ የመጣበትን ተናገረ።

«ጋሼ፣ እንግዲህ የሥራው ወቅት ሊገባ ነው። ይመጣሉ ብዬ ወንበርዎን አላስነካሁም። ግን ካልተመቸዎት… ቅዳሜ ድረስ አንድ ነገር ቢሉኝ።»

«ቅዳሜ ድረስ አንድ ነገር እልሃለሁ» አሉ አባቷ።

መርፌ ከወጣ በኋላ ብድግ ብለው መስኮቱ ጋ ሄዱ፤ ተመለሱ፤ እንደገና ሄዱ። ከዚያ ቀዩን የላስቲክ ጥቅል አንስተው ለሁለቱም አሳዩ።

«ስሙኝ። ክንፉን በራሴ እጅ፣ በራሴ ካውያ አለብሰዋለሁ። ሽብሽብ ካልወጣበት ሱቄ እመለሳለሁ። ከወጣበት መርፌ ሰው ይፈልግ። አለቀ።»

«አንተ ሰው፣ አንተም ሁን አውሮፕላኑ» አሉ እናቷ፣ «አንዳችሁ ከዚህ ቤት ብረሩልኝ።»

መምህሯ አልሳቀችም። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ሽብሽብ ከወጣ አባቷ ለዘለዓለም በዚያ መስኮትና በዚያ በር መካከል ሊቀሩ ነው። ካልወጣ ደግሞ ተመልሰው የሰው ልብስ ላይ ካውያ ሊያስቀምጡ ነው።

ላስቲኩ እንዲህ ነው የሚሠራው፦ በልኩ ይቆረጣል፣ ከጀርባው ያለው ስስ ልጣጭ ይገፈፋል፣ እንጨቱ ላይ ይነጠፋል። መጀመሪያ ዙሪያው ብቻ በካውያ ይያያዛል። ከዚያ መሃሉ ሙቀት ሲያገኝ ይኮማተርና እንደ ከበሮ ይወጠራል። የዙሪያው አያያዝ ከተዛነፈ ገና ሳይወጠር ይሸበሸባል፤ ካውያው አንድ ቦታ ከቆየ ይቀደዳል። ረቡዕ ከሰዓት አባቷ ለኮሌታ የሚጠቀሙባትን ትንሿን ካውያቸውን አወጡ፤ የሙቀቱን ቁልፍ በሐር ልክ አደረጉ፣ ጣታቸውን በምራቅ ነክተው «ጭስ!» አሰኟት።

«ዞር በይልኝ» አሉ ልጃቸውን። «በሰው ዓይን አልሠራም።»

ኩሽና ገብታ ተቀመጠች። የፈተና ወረቀት ከፊቷ ዘረጋች እንጂ አንድም አላረመችም። ከወዲያ ካውያው ሲነሳ፣ ሲቀመጥ፤ ሲነሳ፣ ሲቀመጥ ይሰማታል። ሲቆይ ትንፋሿን ትይዛለች። ከሁለት ሰዓት በኋላ ስትገባ የግራው ክንፍ ከላይም ከታችም ለብሶ ቁምሳጥኑ ላይ ተቀምጧል፤ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል።

«እንዴት ሆነ?»

«ነገ በቀን ብርሃን ይታያል» አሉ አባቷ፤ ካውያዋንም ከክንፉ አጠገብ አኖሯት።

ሐሙስ ጠዋት አባቷ የሐኪም ቀጠሮ ነበራቸው፤ እናቷ አብረው ሄዱ። መምህሯ እስከ አምስት ሰዓት ክፍል የላትም። በሩ እንደተዘጋ ቁምሳጥኑ ጋ ሄደች። ተመለሰች። ሻይ አፈላች፤ ሳትጠጣው ቀዘቀዘ። እንደገና ሄደች። «ማየት ብቻ» ብላ ጨርቁን ገለጠች።

ክንፉ ጫፍ ላይ፣ እንጨቱ ክብ በሚሠራበት ቦታ፣ ላስቲኩ እንደ አሮጌ እጅ ቆዳ ተሰብስቧል። መሃል ላይም አለ። ትናንት እጃቸው እዚህ ጋ ሲደርስ ምን እንደሆነ ያየች ያህል ታወቃት። ካውያዋ እዚያው አጠገብ ናት። ትንሽ ብነካው፣ አለች፤ ይችን ጫፍ ብቻ።

ሙቀቱ ሲነካው ላስቲኩ ውጥር አለ። ሽብሽቡ ከዓይኗ ሥር ተኖ ጠፋ። ደስ ይላል! ከጫፉ ወደ መሃል፣ ከመሃል ወደ ሥሩ፤ እጇ ራሱ መሄድ ጀመረ። የላይኛው ገጽ እንደ መስታወት አበራ። ሰዓቷን አየች፣ ካውያዋን ነቀለች፣ ጨርቁን እንደነበረ መለሰች። ትምህርት ቤት እስክትደርስ መንገዱን አላየችውም። ክፍል ውስጥ ስለ ፍጥነትና ርቀት እያስረዳች ሳለ «ታችኛውስ?» የሚል ሐሳብ እንደ እሾክ ወጋት። መመሪያው ላይ ያለውን አስታወሰች፦ ከላይ ትንሽ፣ ከታች ትንሽ፣ እያፈራረቁ፤ አንዱ ገጽ ብቻ ከተወጠረ እንጨቱን ይጎትተዋል። ጠመኔው ከእጇ ወደቀ።

ስትመለስ ክንፉ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አባቷ ቆመዋል። ክንፉን በጣታቸው ጫን አሉት፤ ሦስቱ ማዕዘን ጠረጴዛውን ነካ፣ አራተኛው የሁለት ጣት ያህል ብድግ አለ። ጠዋት ቀጥ ያለው ክንፍ እንደ ደረቀ ቅጠል ተጠምዝዟል።

«ማነው የነካው?» አሉ ለስለስ ብለው። ቢጮሁ ይሻላት ነበር።

ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች።

«የኔ ካውያ ከግራ ገብቶ በቀኝ ነው የሚወጣው። ይሄ እንደ ማማሰያ ዙሪያውን የዞረው የማን ነው?» አውራ ጣታቸውን በላስቲኩ ላይ አንሸራተቱ። «ሰባት ነበሩ።»

«ምኑ?»

«ሽብሽቡ። አራት ከጫፉ፣ ሁለት ከመሃል፣ አንድ ከሥሩ። ትናንት ቆጥሬ ነው የሸፈንኩት።»

«አባዬ፣ እንዳይከፋህ ብዬ ነው…»

«መልሴ ወጥቶልኝ ነበር እኮ! ዛሬ ከሐኪም ስመለስ በብርሃን አረጋግጬ፣ መርፌን ሌላ ሰው ፈልግ ልለው ነበር። አሁን ምን ልበለው? አንቺ፣ ተማሪሽ ሲሳሳት ስህተቱን ራስሽ አጥፍተሽ፣ ትክክሉን ራስሽ ጽፈሽ፣ መቶ ከመቶ ትሰጪዋለሽ?»

ጆሮዋ እስኪግል ደም ወደ ፊቷ ወጣ። «አልሰጥም» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም።

አባቷ እርምጃቸውን ጀመሩ። ስምንት ሄዱ፣ ስምንት ተመለሱ። እናቷ ከበሩ ላይ አፋቸውን ሊከፍቱ ብለው የባላቸውን ፊት አይተው ተመለሱ። በአራተኛው ዙር አባቷ ቆሙ።

«ወረቀትሽ ምን ይላል?»

ከሁለት ሳምንት ወዲህ መመሪያውን ሲጠይቁ የመጀመሪያቸው ነበር። እየተጣደፈች ገለጠችው። ሥዕሉ ላይ አራት እጆች አሉ፦ ሁለቱ ክንፉን ከተጠመዘዘበት በተቃራኒ ጠምዝዘው ይይዛሉ፣ ሁለቱ ይተኩሳሉ።

«ለሁለት ሰው ነው» አለች።

አባቷ ክንፉን በሁለት እጅ ጨብጠው ጠመዘዙት። እንጨቱ ሲጥ አለ። መምህሯ ካውያዋን አንስታ ዓይኗን ወደ አባቷ ቀኝ እጅ ጣለች። እጁ ጸጥ ብሏል። የሚጨብጠው ሲያገኝ ድንጋይ ነው።

«ምን ታያለሽ? ተኩሺ! ከታች ጀምሪ። አትሺው፣ አስቀምጠሽ አንሺው። አሁን ግልብጥ። ኧረ ቀስ፣ ለዛሬ የሚደርስ ኮት መሰለሽ እንዴ?»

ሲለቁት ክንፉ ጠረጴዛው ላይ ልጥፍ ብሎ ተኛ። አባቷ በአራቱም ማዕዘን ቆረቆሩት፤ አልተነሳም። ደስ ያላቸው ግን አይመስልም።

«የቀኙ ቀርቷል» አሉ። «ነገ እሱን እኔ አለብሳለሁ። አንቺ እዚሁ ትቀመጫለሽ። እጅሽን ጉልበትሽ ላይ አድርገሽ።»

ዓርብ ከሰዓት እንደተባለችው ተቀመጠች። እጅን ጉልበት ላይ ማስቀመጥ ይሄን ያህል እንደሚከብድ አታውቅም ነበር። ላስቲኩን ሲቆርጡ አየች። ዙሪያውን ሲያያይዙ አየች፤ ቀጥ ያለው ቦታ ላይ ካውያው እንደ ድሮው ተንሸራቶ ሲወጣ ልቧ ብድግ አለ። ከዚያ የክንፉ ጫፍ መጣ። ላስቲኩን በግራ እጅ ወጥረው፣ በቀኝ ካውያውን ማሳረፍ ነው። ቀኝ እጃቸው አየር ላይ እያለ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ጠበቁት፣ አልተወም፤ ሲያሳርፉት አንድ ቦታ ሁለቴ ነካ። የመምህሯ ጣቶች ጉልበቷን ቧጠጡ። አልተነሳችም። አባቷ ላብ ከአገጫቸው እየወረደ እስከ መጨረሻው ሄዱ፣ ካውያዋን አስቀመጡ፣ ክንፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት።

«ቁጠሪ» አሉ።

ጎንበስ ብላ ቆጠረች። ስምንት። ዘጠነኛው የፀጉር ያህል ነው፤ በችኮላ ያየ ሰው አይቆጥረውም። ስምንትም ሆነ ዘጠኝ ለውጥ እንደሌለው ታውቃለች፤ ሆኖም ስምንት ማለት አማራት፤ አንዲቷን እንኳ ልትቀንስላቸው።

«ዘጠኝ» አለች።

«አሥር» አሉ አባቷ። «ከጠርዙ ሥር ያለችውን አላየሻትም። ዓይንሽ ገና ነው።»

ወንበራቸው ላይ ሄደው ተቀመጡ። ቀኝ እጃቸውን በግራው ያዙት። እናቷ ውሃ አምጥተው ሰጧቸው፤ ብርጭቆው ባዶ እስኪሆን አጠገባቸው ቆመው ጠበቁ።

«አሁን ተኩሺው» አሉ አባቷ ለልጃቸው። «እያፈራረቅሽ። እናትሽ ትያዝልሽ።»

«እኔ?» አሉ እናቷ። «ይሄን ቀይ ጉድ?»

«ትንሽ ጠምዘዝ አድርገሽ ነው የምትይዢው። እንደኔ ጆሮ።»

ቅዳሜ ጠዋት አባቷ ሱቅ ሄደው ወንበራቸው ላይ ሌላ ሰው እንዲያስቀምጥ ለመርፌ ነገሩት። ከዚያ እግራቸው ወደ ቤት እሺ ስላላላቸው እስከ ምሳ ሰዓት ከመንገድ መንገድ ሲዞሩ ቆዩ፤ ሲመለሱም ምሳቸውን ቆመው በልተው ከልጃቸው ጋር ሞተሩን መግጠም ጀመሩ።